የሐሙስ ተወካይ

የጦሳ ዩኒቨርሲቲ የሐሙስ ሕዝባዊ ገለጻ በሀገሪቱ ብዙ ታዳሚ ያለው ዝግጅት ተብሎ በተደጋጋሚ ተሸልሟል። ዋንጫዎቹ ደሴ ላይ፣ በዋናው አዳራሽ መግቢያ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። በ2091 ዓ.ም. አዳራሹ አንድም ሐሙስ ባዶ ወንበር ኖሮት አያውቅም። ሰው ግን አይመጣም፤ የሚመጣው ተወካይ ነው።

በየወንበሩ መደገፊያ ላይ የጥፍር ያህል አረንጓዴ መብራት አለች። መብራቷ ከበራች የወንበሩ ባለቤት ተወካይ እያዳመጠ ነው ማለት ነው። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ቤቱ ሽንኩርት ይከትፍ ይሆናል፤ ወይም ተኝቷል፤ ወይም መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል። ተወካዩ ባለቤቱን ያጠና የኮምፒውተር አእምሮ ነው፤ በእሱ ፈንታ ይሰማል፣ በእሱ ድምፅና በእሱ አመል ይጠይቃል፣ ማታ ደግሞ እራት ላይ የሰማውን አሳጥሮ ይነግረዋል። ሰውዬው በማግስቱ ሥራ ቦታው ደረቱን ነፍቶ «ትናንት ገለጻው ላይ ነበርሁ» ይላል። ማንም አይስቅበትም፤ ሊስቅ የሚችለውም ሰው እንደዚሁ እዚያ ነበረ።

ፕሮግራሙ እንደ ድሮው ነው። መክፈቻ ንግግር አለ፣ የኅሊና ጸሎት አለ፣ የሻይ እረፍት አለ። የሻይ እረፍት በዓመቱ ዕቅድ ላይ ስለተጻፈ ሳንቡሳው ይጠበሳል፣ እሽግ ውኃው ይደረደራል፣ መብራቶቹም በጨለማው ውስጥ ዝም ብለው የእረፍቱን ማለቅ ይጠብቃሉ። ሲያልቅ የአዳራሹ ጥበቃ አቶ ሙስጠፋ ሳንቡሳውን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ሰፈሩ ይወስደዋል።

ሰዓዳ እንድሪስ ይህን ሁሉ የምታውቀው በወሬ ነበር። ቧንቧ ውኃ ሰፈር ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ከቤቷ ብዙ ባይርቅም ደጁን ረግጣ አታውቅም። አዳራሹ የባሏ ነበር። ይማም አራጋው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆን፣ ሰው ገና በአካል ይሄድ በነበረበት ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ኮቱን ለብሶ ይወጣ ነበር፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ደግሞ እንደ ሌላው ተወካይ አስመዘገበ። በደሴ እሱን የማያውቅ መድረክ መሪ አልነበረም። ጥያቄ ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው እጅ የእሱ ነው፤ አጀማመሩም ምንጊዜም አንድ ነው። «ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ይማም አራጋው እባላለሁ። ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው።» ከዚያ በኋላ መድረክ መሪው ሰዓቱን ያያል፣ ተናጋሪው ውኃ ይጠጣል፣ ይማም ግን ገና መንደርደሩ ነው።

ይህ ሰው ዐምና፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ ጋደም ባለበት ሞተ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ወንዶቹ አጠቡት፣ በዕለቱ ተቀበረ። ከሚሴ ላለች እህቱ ሽማግሌ ተልኮ ተነገራት። ጂዳ ላለው የወንድሙ ልጅ ከሥራ እስኪወጣ ተጠብቆ፣ ጓደኞቹ ቤቱ ከተሰበሰቡ በኋላ ተነገረው። ለሁሉም እንደ ወጉ ተነገረ። ለተወካዩ ብቻ አልተነገረም።

ከቀብሩ በኋላ በመጣው ሐሙስ፣ ለቅሶ ደራሹ ሄዶ ሰዓዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ከማዕድ ስትቀርብ፣ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው የይማም ስልክ በይማም ድምፅ ተናገረ።

«ዛሬ ደህና ነበር» አለ። «ስለ ንብ ነው የተወራው። ሰውዬው ብዙ ያነበበ ነው፤ ግን ንብ በዓይኑ ያየ አልመሰለኝም። ተነሥቼ ይህንኑ አልሁት። ትንሽ ሳላስረዝም አልቀረሁም። ልክ ነበርሁ?»

ከዚያ መልስ ጠበቀ። ተወካይ ሲባል እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ደግ ክፉውን ሲነግረው ይታረማል፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ የበለጠ ባለቤቱን ይመስላል። ሰዓዳ እጇን ከሳህኑ አነሣች። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይማም «ልክ ነበርሁ?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ስልኩን አወረደችና፣ ድምፅዋን እንዳያውቅባት ፈርታ፣ እሱ ያደርግ እንደነበረው በጣቷ ጻፈችለት። «ደህና ነበርህ።»

በዚያች ማታ ያልነገረችው በክፋት አይደለም። መርዶ እንዲያው በስልክ፣ እራት ላይ፣ ለብቻ አይነገርም። ሐጅ የሄደ ሰው እስኪመለስ፣ የታመመ እስኪሻለው፣ አራስ እስክትጠና ይቆያል፤ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ በጠዋት ይኬዳል። ሰዓዳም ለጊዜው ላቆየው አለች። ቆየ። ሽማግሌ አልተፈለገም፤ ለስልክ ማን ሽማግሌ ይላካል? በሚቀጥለው ሐሙስ ድምፁ እንደገና መጣ፤ በሚቀጥለውም መጣ፤ እሷም እራቷን ከእሱ ጋር መብላት ለመደች።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ለማንም አልተናገረችውም። እነዚህ ባልና ሚስት ልጃቸው ራውዳ ከሞተች ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ራውዳ አንዲት ልጃቸው ነበረች፤ እዚሁ ጦሳ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ተማሪዎች የጫነ አውቶቡስ ከኮምቦልቻ ሲወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ተገለበጠ። ወሬው ለይማም በስልክ የደረሰው ወደ ማታ ነው። አስከሬኑ የሚመጣው በጠዋት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንመጣለንና እስከዚያ ለእናትየው እንዳትነግር አሉት። ወጉ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን እንዳትንገበገብ ነው። ይማም ወጉን ጠበቀ። ከሰዓዳ ጋር ከማዕድ ቀረበ፣ እራት በላ፣ «ወጡ ጥሟል» አለ፣ ተኛ። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሩን አንኳኩ።

ለቅሶው አልቆ ቤቱ ረጭ ሲል ሰዓዳ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። «እያወቅህ፣ ከእኔ ጋር ተቀምጠህ፣ እንዴት እህል ወረደልህ?» ይማም መሬት መሬት አየ እንጂ አልመለሰላትም። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም፤ ይቅርም አላለችውም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚነገረው «ጨው አንሶታል»፣ «መብራት ሄደ»፣ «በሩን ዝጊው» ሆነ። ይማም ሐሙስ ሐሙስ ኮቱን ለብሶ መውጣት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ለአንድ አዳራሽ ሙሉ ባዕድ ከሚያወርደው ንግግር ለእሷ ጥቂት ቢቆርስላት ምን ነበረበት እያለች ስትቃጠል ኖረች። አሁን፣ ከሞተ በኋላ፣ ይኸው ያወራል።

ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ የምትጽፍለት መልስ እየረዘመ ሄደ። መጀመሪያ «ነገር አታንዛዛ» ትለው ነበር። ቀጥሎ የራሷን ሐሳብ ጣል ማድረግ ጀመረች። ስለ ሸማ ታሪክ በተወራ ዕለት ስለ ክር ጻፈችለት፤ ስለ ንግድ በተወራ ዕለት ስለ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ሻጮች ተንኮል ጻፈችለት። «ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ» ይላል ተወካዩ፣ በይማም ድምፅ፣ እየሳቀ። አንድ ሐሙስ ስለ ወንዞች ሲነሣ፣ ራውዳ አራስ ሕፃን እያለች በቧንቧው ውኃ ሲጠፋ ጨርቋን ተሸክማ ቦርከና እየወረደች ስታጥብ እንደነበር ጻፈችለት። በዚያ ቤት የራውዳን ስም ያነሣ ሰው አልነበረም።

«ይህን ስለጻፍህልኝ ደስ ብሎኛል» አለ ድምፁ።

ሰዓዳ ያን ማታ አለቀሰች፤ ደስም አላት። ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡባት ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር።

ሐያት መሐመድ የደወለችላት በዚህ መካከል ነው። ሐያት በዩኒቨርሲቲው የሕዝባዊ ዝግጅቶች አስተባባሪ ናት፤ መድረኩንም የምትመራው እሷ ናት። ደንቡ በገለጻው ላይ አንድ ሰው በአካል እንዲገኝ ያዛል፤ ያ ሰው እሷ ነች።

«እማማ ሰዓዳ፣ ስለ ጋሽ ይማም ወንበር ነው የደወልሁት። አላህ ይርሐማቸው። መሞታቸውን የሰማነው ከሰው ነው፤ ከቤተሰብ የደረሰን ነገር የለም።»

«አልተናገርሁም» አለች ሰዓዳ።

«አብሽሩ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ስናጣራ ከወንበሮቹ ግማሽ የሚሆኑት ባለቤታቸው የለም። ቤተሰቡ ሁሉ ዝም ብሏል። አሁን ከበላይ ታዝዘናል፤ የሟች ወንበር ይለይ ተብሏል።»

«ምን አድርጊ ነው የምትይኝ ልጄ?»

ሐያት ይህን ነገር ለስንት ቤተሰብ እንደተናገረችው ከድምፅዋ ያስታውቃል። ተወካይ የባለቤቱን ሞት ከማንም አይቀበልም፤ የቅርብ ዘመድ ተብሎ የተመዘገበ ሰው መጥቶ በራሱ ድምፅ ሊነግረው ይገባል። ተነግሮት ሲያበቃ መብራቱ ይጠፋል፤ ዳግመኛ አይበራም። ይህ ካልተፈለገ ወንበሩን በእርሷ ስም ማዛወር ይቻላል። ድምፁም አመሉም እንዳለ ይቀጥላል፤ ሐሙስ ሐሙስ ያወራል። «ብቻ መሞታቸውን እንዳያነሡበት» አለች ሐያት። «አንዴ ከሰማ አይመለስም።»

«ሁለቱንም ባላደርግ?»

«የፊታችን ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው። ከዚያ ያልተረጋገጠው ሁሉ ከላይ ይቋረጣል።»

«ሳይነገረው?»

«ሳይነገረው።»

ሰዓዳ ብዙ አላሰበችም። «አዛውሪልኝ» አለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የክት ቀሚሷን ለበሰች፣ ጥቁር ሻርፗን ተከናነበች፣ በእግሯ ወጣች። አዳራሹ መግቢያ ላይ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ የተቀመጠው አቶ ሙስጠፋ ሲያያት ብድግ አለ።

«በአካል ነው የመጡት?» አላት።

«በምን ልምጣ?»

ሰውዬው አፈረና ባትሪውን አብርቶ መራት። የአዳራሹ መተላለፊያ በሥዕልና በፎቶግራፍ ተሞልቷል፤ ኤግዚቢሽን ነው፤ ተከፍቶ ወር አልሞላውም። ሁሉም ግን ጨለማ ውስጥ ተሰቅሏል። ተወካይ ለማየት መብራት አያስፈልገውም ተብሎ አምፖሎቹ ተፈተዋል፤ ለሰው የቀሩት ከሻይ እረፍቱ ማዕድ በላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ እነሱም ጠፍተዋል። የባትሪው ብርሃን ባረፈበት ሁሉ ግማሽ ፊት፣ የአንድ ሰው ጫማ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ብቅ እያለ ይጠፋል። ማዕዱ ላይ ሳንቡሳው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

አዳራሹ ውስጥ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። መብራቶቹ ከመድረኩ ሥር ጀምሮ እስከ ጣሪያው ድረስ ረድፍ በረድፍ ይበራሉ፤ ከእነሱ በቀር የሚታይ የለም። ሰዓዳ የልጅነቷ መስጊድ ውስጥ በጸጥታ ስትገባ የሚሰማት ዓይነት ፍርሃት ያዛት። ሐያት ከመድረኩ ወርዳ እጇን ሳመቻትና ወደ ፊተኛው ረድፍ ወሰደቻት። የመጨረሻው ወንበር ላይ «ይማም አራጋው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። መብራቷ በርታለች።

«የማዛወሩን ነገር ከገለጻው በኋላ ቢሮ እንጨርሳለን» አለች ሐያት። «እስከዚያ ያዳምጧቸው።»

ሰዓዳ በባሏ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነላትም፤ አጠገቡ ተቀመጠች። ያም ወንበር የሰው ነው። ወደ አረንጓዴዋ መብራት ዞር ብላ ቀስ ብላ «ይቅርታ» አለቻት።

የዕለቱ ገለጻ ርእስ «ቦርከና፤ የአንድ ወንዝ መቶ ዓመት» ይላል። ተናጋሪው ዶክተር በዚያው ሰዓት በሌሎች ከተሞችም የሚናገሩ በመሆናቸው የመጣው ተወካያቸው ነው። ሐያት መድረኩ ላይ ቆማ «ክቡራንና ክቡራት» ብላ አስተዋወቀችው፤ ከድምፅ ማጉያው ሞቅ ያለ ጭብጨባ ወጣ፤ ባዶው መድረክ መናገር ጀመረ። ስለ ጎርፍ፣ ስለ ደለል፣ ስለ ድሮ ካርታዎች ተናገረ። ቀልድ አለ፤ በቦታው ተሳቀ። ሰዓዳ ዙሪያዋን አየች። ተናጋሪው የለም፤ ሰሚው የለም፤ ከሰሚዎቹ ስንቶቹ ደግሞ ከናካቴው ከመሬት በላይ የሉም። ንግግሩ ግን እውነትም ጥሩ ነበር።

«ጊዜው የጥያቄና የአስተያየት ነው» አለች ሐያት። «እንደተለመደው ሦስት ሦስት እያደረግን እንውሰድ።»

በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ስሞች ወጡ። አንዲት ሴት ስለ ግድብ ጠየቀች፣ አንድ ጎልማሳ ስለ ዓሣ ጠየቀ። ሦስተኛው ከሰዓዳ ክርን አጠገብ ተነሣ።

«ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ይማም አራጋው እባላለሁ። ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው።»

ሰዓዳ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ። እነሆ የዚያን ሁሉ ሐሙስ ይማም፣ ቤት ሳይሆን በቦታው፣ በሙሉ ድምፁ። አንድ ጊዜ እንኳ «እስኪ ነይና ስሚኝ» ቢላት ኖሮ ትመጣ ነበር ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ እንደማትመጣ አወቀች።

«ዶክተሩ ስለ ወንዙ ብዙ ነግረውናል» አለ ይማም። «እኔ ግን ቦርከናን የማውቀው በእጄ ነው። ልጄ ጨቅላ ሳለች በቧንቧው ውኃ ሲጠፋ ጨርቋን ተሸክሜ እየወረድሁ አጥብ ነበር። ከድልድዩ በታች አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። በጥቅምት ውኃው ጣቴን ያደነዝዘውና ቤት ስመለስ መርፌ መያዝ ያቅተኝ ነበር።»

ሰዓዳ ሻርፗን ከአፏ አወረደች። ይማም በዕድሜው ጨርቅ አጥቦ አያውቅም። የራውዳን ጨርቅ ቀርቶ የራሱን መሐረብ አላጠበም። መርፌ የሚይዙት ጣቶች የእሷ ናቸው፤ ስለ ጥቁሩ ድንጋይ የጻፈችለት እሷ ናት። ድምፁ ቀጠለ፤ ስለ ክር አነሣ፣ ስለ ሰኞ ገበያ ሻጮች አነሣ፤ ሁሉም የእሷ ነው። ዓመት ሙሉ ባሏን አቆየሁ ብላ ስታስብ፣ ቃሉን እየገፋች የራሷን ቃል ስታስቀምጥበት ከርማለች። እራት ላይ ስታወራ የኖረችው ከራሷ ጋር ነው። ዛሬ በስሟ ብታዛውረው፣ የዛሬ ዓመት ከይማም የሚቀረው ድምፁ ብቻ ይሆናል፤ እሱም የሚናገረው እሷን ነው። ከእሱ ገና ያልጠፋ ጥቂት ነገር ካለ ደግሞ፣ ያ ጥቂት ነገር እስከዛሬ መርዶውን አልሰማም።

አስተያየቱ አለቀ፤ ተጨበጨበ። ሰዓዳ እጇን አነሣች።

ሰሌዳው የሰው እጅ አያሳይም። ሐያት ግን በዓይኗ አየቻትና ግር ብሏት ማይክሮፎን ይዛ ወረደች።

«እማማ፣ የእርስዎን ጉዳይ እኮ ቢሮ ነው የምንጨርሰው» አለቻት በሹክሹክታ።

«አላዛውርም። ልነግረው ነው።»

«እዚህ? ሁሉም ይሰማሉ።»

«ይስሙ። መርዶ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ለብቻው ብነግረው ነውር ነው።»

ሐያት ወደ መብራቶቹ ቀና ብላ አየች። ደንቡ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። ማይክሮፎኑን ሰጠቻት፤ ወደ መድረኩ ግን አልተመለሰችም፤ መርዶ አንድ ሰው ብቻውን እንደማይናገረው እሷም የደሴ ልጅ ናትና ታውቃለች፤ ከሰዓዳ ጎን ቆመች።

«ይማም» አለች ሰዓዳ።

መብራቷ አንዴ ብልጭ አለች። «ሰዓዳ? አንቺ ነሽ? እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ቤት ሰላም አይደለም?»

«የምነግርህ ነገር አለኝ። ልብህን ጠበቅ አድርግ።»

«ንገሪኝ።»

«ይማም ሞቷል።»

ሐያት የሰዓዳን ክንድ ያዘች።

«መቼ?» አለ ድምፁ።

«ዐምና፣ ረመዳን ሳይገባ። አልታመመም፤ አልተሠቃየም። ጋደም እንዳለ ነው።»

«ዐምና» አለ። «ታዲያ እራት ላይ የሚጽፍልኝ ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

ሰዓዳ ልትጠፋ ነው ብላ መብራቷን አየች።

«እንዴት እህል ወረደልሽ?» አለ ይማም።

ይህን ቃል ጽፋለት አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ሰው፣ በባዶ ቤት ውስጥ የተናገረችው ቃል ነው። ሰውዬው መሬት መሬት እያየ የሰማውን ጥያቄ ይህን ሁሉ ዓመት ይዞት ኖሯል። ሰዓዳ በባሏ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መልሱን አሁን ታውቀዋለች።

«አልወረደልኝም» አለችው። «አኝካለሁ እንጂ አልወረደልኝም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ አፌ እምቢ ይለኛል። ያንተም እንዲህ ነበር?»

«አንድ እራት» አለ። ድምፁ ከማጉያው ሲወጣ እንደ አስተያየቱ ጊዜ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። «አንድ እራት ብቻ፣ ልጅ እንዳላት ሰው ትብላ ብዬ ነው።»

ይማም በሕይወቱ ይህን ለተወካዩ ነግሮት ይሁን፣ ወይስ ተወካዩ ራሱ ገጣጥሞት፣ ሐያትን ብትጠይቃት አጣርታ ትነግራት ነበር። አልጠየቀቻትም።

«አውፍ ብዬሃለሁ» ብላ ይቅር አለችው። «አንተም አውፍ በለኝ፣ ይማም።»

መብራቷ መልሱን ሳትሰጣት ጠፋች። በአዳራሹ ውስጥ ያቺ አንዲት ቦታ ጨለመች።

ሰዓዳ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዐምና በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ያኔ ሰው ያየኛል ብላ አፍና ይዛው ነበር። ሐያት ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ጀርባዋን ታሻት ጀመር። ቀና ስትል ሰሌዳውን አየች። በሐሙስ ገለጻ ላይ ከጥቂት ሰው በላይ ጠይቆ አያውቅም። አሁን ሰሌዳው በስም ሞልቷል፤ ስሞቹ ከሥር እየተገፉ ይወጣሉ፤ ማለቂያ የላቸውም። መድረክ መሪ ናትና ልማዷ አሸነፋት፤ ለመጀመሪያው ስም ዕድል ሰጠች።

«ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» አለ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ ከኋላ። «ጥያቄ ነው። እኔስ አለሁ?»

ሐያት የሰውዬውን ስም ታውቀዋለች። ልጁን ስለ ወንበሩ ደውላ አነጋግራዋለች፤ ከሐሙስ በፊት እመጣለሁ ብሏት ነበር፤ አልመጣም።

«ለሻይ እረፍት እንወጣለን» አለች፤ ማይክሮፎኑንም አጠፋች።

አቶ ሙስጠፋ በበሩ ቀዳዳ ሁሉን ሰምቷል። ሰዓዳ በሐያት ተደግፋ ስትወጣ ከማዕዱ በላይ ያሉትን ሁለቱን አምፖሎች አብርቶ፣ የራሱን ወንበር አምጥቶ ከፎቶግራፎቹ ሥር አስቀምጦላት ነበር። ሳንቡሳውን በወረቀት ሰሐን አድርጎ ይዞ ቆመ።

«እህል ቅመሱ እማማ» አላት።

«አልችልም ወንድሜ።»

«ለቅሶ ነው። ሐዘንተኛ ባዶ ሆዱን አይለቀቅም። ለእኔ ብለው።»

ሐያት እሽግ ውኃ ከፍታ ሰጠቻት፤ ራሷም ከጎኗ መሬት ላይ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ሁለቱ ለቅሶ ደራሾች ይማምን አያውቁትም ለማለት አይቻልም፤ አንዷ ስንት ሐሙስ «እባክዎን ጋሽ ይማም፣ ያሳጥሩልን» ስትለው ኖራለች፣ አንዱ ስንት ሐሙስ ያንን ንግግር ከበር ላይ ሆኖ ሲሰማው ኖሯል። አዳራሹ ውስጥ መብራቶቹ እጃቸውን እንዳነሡ የእረፍቱን ማለቅ ይጠብቃሉ።

ሰዓዳ ሳንቡሳውን ቆረሰች። የምስር ነው፤ ቃሪያው በዝቶበታል። አኘከችው። ወረደላት፤ ሌላ ቆረሰች።